ያልታየችው አንድ ቁጥር

ለምወድሽና ለማከብርሽ እትዬ፣

ጤናሽ እንዴት ነው? ልጆቹስ? ያ ጉልበትሽ ደረጃ ስትወጪ አሁንም ያስቸግርሻል? እኔ ደህና ነኝ ብልሽ ውሸት ይሆንብኛል። ሥራ እሠራለሁ፤ እህል ግን አልወርድ ብሎኛል።

ታናሿ ልጅሽ ትምህርት ቤት "የእንቅልፋሙ ልጅ" እያሏት እያለቀሰች መጣች ብለሽ የጻፍሽውን ኪሴ ውስጥ ይዤው ዋልኩ። ሰው ሁሉ እንዴት ይዋሻል፣ እውነት ቢሆን ነው ብለሻል አንቺም። እትዬ፣ ባልሽ አልተኛም ነበር። ይህን ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም።

አደጋውን ያጣራው የፋብሪካው ኮሚቴ ያለውን ታውቂያለሽ። ጋሼ የማቅለሚያ ፋብሪካውን ቦይለር፣ የእንፋሎት ማፍያውን፣ እየጠበቀ አንቀላፋ፣ ባንኖ ነዳጅ ጨመረ፣ ቦይለሩ ፈንድቶ እሱንና ሁለት አጣቢዎችን ገደለ። ማስረጃቸው በር ላይ የነበረችው የመጋዘን ጸሐፊ ናት። ነዳጁን ሲከፍት፣ "ግፊቱ እኮ ወደቀ፤ ቁጥሩ አንድ ላይ ነው" ሲል ሰምታዋለች። ማሽኑ መዝግቦ ያስቀረው ግን አሥራ አንድ ነው። ከእንቅልፉ የባነነ ካልሆነ እንዲህ አይልም አሉ።

እሱ የተናገረው ያየውን ነው።

የቦይለሩን ግፊት የሚያሳየው ያ ስክሪን በነጭ መደብ ላይ ጥቁር ፊደልና ቁጥር ያሳያል። ከኋላው ሁልጊዜ የበራ መብራት አለ። ከመብራቱ ፊት የተደረደሩት ጥቃቅን ነጥቦች ውስጥ ፈሳሽ ክሪስታል አለ፤ ኤሌክትሪክ ሲደርሰው ብርሃኑን ይጋርዳል፣ ካልደረሰው ያሳልፋል። በእያንዳንዱ ነጥብ ላይ ትራንዚስተር እንደ በረኛ ቆማለች። አግድም የሚሄደው መስመር በሯን ያስከፍታል፤ ቁልቁል የሚወርደው የሚገባውን ኤሌክትሪክ ያመጣል። ቁልቁል ከሚወርዱት አንዱ ከተቋረጠ፣ በሩ ቢከፈትም የሚገባ የለም፤ በዚያ መስመር ያሉት ነጥቦች ሁሉ ነጭ ሆነው ይቀራሉ። ነጭ በነጭ ላይ ማን ያየዋል? እዚያ ስክሪን ላይ "አንድ" አንዲት የቆመች ቀጭን ሰረዝ ናት። መስመሩ በፊተኛዋ ሰረዝ ቦታ ሲቋረጥ አሥራ አንድ፣ አንድ ሆኖ ይነበባል። ባለቀስቱ የግፊት መለኪያ ከተሰበረ ዓመት አልፎታል፤ ትርፍ ግፊት የሚያስወጣው ማስተንፈሻም ዝጓል። ጋሼ ከስክሪኑ ሌላ የሚያየው አልነበረውም።

እትዬ፣ ያንን ስክሪን የጠገንኩት እኔ ነኝ።

ከአደጋው ሦስት ሳምንት በፊት ጋሼ፣ ከቁጥሩ በላይ ያሉት ፊደሎች በነጭ መስመር ተሰነጠቁ ብሎ አመጣልኝ። መስመሮቹ ከመስታወቱ ጠርዝ ጋር የሚገናኙት በሙቀት በተጣበቀ ቀጭን የሽቦ ጥብጣብ፣ በሪባን ነው። በማሽን እንደገና ማጣበቅ ሲገባኝ ሪባኑን እንዲጫነው ጎማ ቆርጬ ወተፍኩና ክዳኑን አጠበቅሁበት። ሠራ። ማክሰኞ ዕለት ሱቄ ድረስ መጥቶ ስንጥቋ ተመልሳለች አለኝ። ግፊቱ ከዘጠኝ አልፎ ሁለት አሃዝ ሆኖ ስለማያውቅ ስንጥቋ ቁጥር እንደምትውጥ እሱም አላወቀ፣ እኔም አላሰብኩ። ከሥራዬ ቀና እንኳ ሳልል፣ "ቁጥሩ እስከተነበበ ምን አስቸኮለህ ጋሼ? ቅዳሜ እመጣለሁ" አልኩት። አመስግኖኝ ሄደ። ሐሙስ ዕለት ፈነዳ።

ቀብሩ ላይ ትከሻሽን ደግፌ ቆሜ፣ ሰው ተኝቶ ነው እያለ ጋሼን ሲያማው ዝም አልኩ። ዝምታዬ ሐዘን መስሎሽ አጽናናሽኝ።

ትናንት ፋብሪካው ቁርጥራጭ ብረት ሲጥል ስክሪኑን ከዘበኛው ለምኜ ወሰድኩት። ጥጉ ተሰንጥቋል እንጂ ይሠራል። ስከፍተው ጎማዬ ከሙቀቱ የተነሳ ሟሙቶ ሪባኑን ለቆታል። የአሥራ አንድን ምልክት ላክሁበት። አንድ አሳየኝ። ደጋግሜ ላክሁ።

ነገ ጠዋት ስክሪኑን ይዤ ፖሊስ መርማሪዎቹ ዘንድ እሄዳለሁ፤ ይህንኑ እነግራቸዋለሁ። ለሁለቱ አጣቢዎች ቤተሰቦችም ጽፌያለሁ። ለታናሿም ንገሪያት፤ አባቷ ሥራው ላይ ነበር።

የሱቁን ቁልፍ ለጎረቤቴ ለልብስ ሰፊው ሰጥቼዋለሁ። ካፖርቴም እሱ ጋ ነው፤ ለታላቁ ልጅሽ ይሆናል፣ እጅጌውን አሳጥሪለት። መልስ ለመጻፍ አትቸኩዪ፤ በዚህ አድራሻ ላልገኝ እችላለሁ።

አምላክ ሐዘንሽን ያቅልልልሽ፤ የልጆችሽን ወግ ማዕረግ ያሳይሽ።

ታናሽ ወንድምሽ