ካፖርትህን የሸጥክበት ገበያ

ሸዋ ሮቢት፣ ኅዳር 1980 ዓ.ም.

ልጄ ሞገስ፣ እመብርሃን ከፊት ትቅደምህ፣ ከኋላ ትከተልህ፤ የለንደን ብርድ አይንካህ። እኛ ደህና ነን። ማሽላውን ወፍ ቢቀምሰውም ለእኛ ተርፏል።

አንተ ግን ምን ነካህ? የገዛኸው አክሲዮን ዋጋው ቢወርድ ተናደህ ካፖርትህን ሸጠህ ጨመርክበት? «ሳልበቀለው አልተውም» ብለህ ደግሞ ትጽፍልኛለህ! ገበያ አባትህን ገድሏል እንዴ፣ ደም የምትመልስበት? ይህን የከበርቴ ወሬ የሞላበት ደብዳቤህንስ ቀበሌ ከፍቶ ቢያነበው አትልም?

እኔም አንድ ጊዜ ተሞኝቻለሁ። ደብረ ሲና ወጥቼ ቲማቲሜን በግማሽ ዋጋ ቢጠይቁኝ፣ ተናቅሁ ብዬ ጭኜው ተመለስኩ። ቲማቲሙ መናደዴን አላወቀልኝም፤ የቆላው ሙቀት በሁለት ቀን አፈረጠው። ከዚያ ወዲህ ዋጋው እስከ ስንት ድረስ ቢወርድ ሸጬ እንደምመለስ ከቤት ሳልወጣ ለአባትህ እነግረዋለሁ። እዚያ ደርሼ ብናደድም ቃሌን አላጥፍም።

እግዜር ንዴትህን ያብርድልህ፣ በሰላም ለአገርህ ያብቃህ። አደራህን፣ ካፖርት ለብሰህ ፎቶ ተነሳና ላክልኝ። የተዋስከው ከሆነ ከእጅጌው አውቃለሁ።

እናትህ ሸዋዬ