የደቡብ ዋልታው ዓሣና የግርማ ሙት ዓመት

ጥቅምት 24፣ ማታ

አረጋውያን ከምንከባከብበት ነርሲንግ ሆም ገባሁ። እግሬ አብጧል። ልጄ ሜሮን ሳሎኑን በሻንጣ ሞልታ ጠበቀችኝ። ዩኒቨርሲቲ የጥንት ዓሣ አጥንት ነው የምታጠናው። ዘንድሮም ደቡብ ዋልታ ልትሄድ! ጭንቅላቱ እንደ ኤሊ ጀርባ በአጥንት የተሸፈነ ዓሣ አለ አሉ፣ ድንጋይ ሆኖ የቀረ። የምትመለሰው የካቲት። የአባቷ፣ የባሌ የግርማ፣ ሙት ዓመት ጥር ላይ። ዓምና ሲሞት እዚያው በረዶ ላይ ነበረች፤ ቀብሩ አመለጣት። ስሚኝ ደብተሬ፣ ለሞተ ዓሣ ተብሎ የሞተ አባት ይተዋል?

ጥቅምት 27

ቤ/ክ ሄድኩ። ቄሱ ልጅቷ እንድትገኝ ቀኑን እናስቀድመው አሉኝ። እምቢ አልኩ። ግርማ የሞተው በጥር ነው፤ ለዓሣ ተብሎ ወደ ኅዳር አይዞርም። ቅር አላቸው። ይበላቸው!

ኅዳር 2፣ ከሰዓት

አፕል ቫሊ ከተማ፣ ክሊኒክ። ለጉዞው ጤናዋን የሚመረምሯት እዚያ ነው። ዋልታው ላይ ጥርስ ሐኪም የለምና የኋላ መንጋጋ ጥርሷ ካልተነቀለ አይልኳትም። ስለሚያደነዝዟት ነጂዋ እኔ። ነርሷ ወጣችና ሌላ ሕመም አለባት ወይ አለችኝ። አስም፣ አልኩ። አምልጦኝ ነው ብዬ አልዋሽሽም፤ ሆን ብዬ ነው። ሕፃን ሳለች ነበረባት፤ ከዚያ ወዲህ ነክቷት አያውቅም። ይህን ዋጥኩት።

ኅዳር 6

ተሳካልኝ። ሐኪሙ ለጉዞው ብቁ ናት ብዬ አልፈርምም አለ። ማን እንደተናገረ ወዲያው አወቀች። ትጮኽብኛለች ብዬ ተዘጋጅቼ ነበር። «ኦኬ ማም፣ ዩ ዊን» ብላ ክፍሏን ዘጋች። ሲከፋት አማርኛው ይጠፋባታል። አሸነፍኩ። ደስ ግን አላለኝም፤ ይሄም አናደደኝ።

ኅዳር 7

በሯን በርግጄ ገባሁ። ስንት ሚሊዮን ዓመት የተኛ ዓሣ አንድ ዓመት መታገሥ ያቅተዋል? አልኳት። ጀርባዋን እንደሰጠችኝ መለሰች። ተቀብሮ ሳለ ይታገሣል፤ አሁን ግን ጭንቅላቱ ከዓለቱ ወጥቷል፣ ውርጭና ነፋስ ይፈረካክሰዋል አለች። ታዲያ ዓምና ምን ይዞሽ አላወጣሽውም? አልኩ። ዞረች። ጀምሬው ነበር፣ የአባዬ መርዶ ሲደርሰኝ ጥዬው መጣሁ አለችኝ። ከዚያ አውሮፕላኑን አየሩ አዘገየው። ለቀብሩም ሳትደርስ ቀረች።

ይህን ነግራኝ አታውቅም። እኔስ መቼ ጠየቅኳት! ዓመቱን ሙሉ ቀብር ቀረሽ፣ ቀብር ቀረሽ ስላት ከረምኩ።

ኅዳር 8፣ ጠዋት

ንዴቱ አልለቀቀኝም። በእሷ፣ በዓሣው፣ በዚያ አውሮፕላን፣ በራሴም። ሥራ ደውዬ ቀረሁ። ክሊኒኩ እንደተከፈተ ሄጄ አስሙ የልጅነት ነው፣ ድሮ ለቋታል እላለሁ። ሐኪሙ ከፈለገ ይቆጣኝ። ሙት ዓመቱን በቀኑ እኔው አወጣለሁ። ይቅርታ ግን አልጠይቃትም። ለግርማ ምእመኑ ሁሉ ይቆምለታል። ያ የተረገመ ዓሣ ከእሷ በቀር ማንም የለውም።