አሥራ ሁለት የዋንዛ ዓሦች

ማክሰኞ፣ ሐምሌ 8፣ ሰበታ

በቅደም ተከተል ልጻፈው፤ ካልሆነ ራሴን እዋሻለሁ።

ግንቦት 25፦ ኦቦ ቶላ ሱሉልታ ባለው የእንጨት ሥራ ቤታቸው ከዋንዛ አሥራ ሁለት ትናንሽ ዓሦች ጠርበው አስረከቡኝ። መንጠቆ ተገጥሞባቸው ትልቅ ዓሣ የሚያታልሉ ናቸው። ጠረባው የእሳቸው፣ ቀለሙና ቫርኒሹ የእኔ ድርሻ ነው።

ሰኔ 10፦ ቀኝ እጃቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። ሐኪም መሮ ከለከላቸው።

ሰኔ 28፦ ቡራዩ የማጥመጃ ዕቃ የሚነግደው ከድር የጨረስኳቸውን ሦስት ዓሦች መለሰልኝ። «እህቴ፣ ይሄ ዓሣ ነው ወይስ የሙሽራ ጫማ? ፀሐይ ሲያርፍበት እንደ መስታወት ያበራል፤ ዓሣው ይሸሻል» አለኝ።

ሐምሌ 2፦ ሦስቱን በብርጭቆ ወረቀት እስከ እንጨቱ ፋቅኋቸው። ሳሱ። ባልዲ ውሃ ውስጥ ሳስቀምጣቸው በጎናቸው ተኙ። አይጠገኑም።

ዘጠኝ ቀርተዋል፤ የሚተካቸው ጠራቢ የለም። ከድር እሑድ ዓሣ ወደሚያጠምድበት ሐይቅ ይወርዳል። ኦቦ ቶላንም በመኪናው ሊወስዳቸው ቃል ገብቷል፤ ሥራቸው ሲዋኝ አንድ ጊዜ ማየት ይፈልጋሉ። «ባዶ እጄን ግን አልሄድም» ብለዋል።

ረቡዕ

የሕፃን ፓውደር በነጠላ ጨርቅ ነፍቼ ከቫርኒሹ ጋር ቀላቀልኩ። በሁለት ዓሦች ብቻ ሞከርኩ። ብርሃኑ በእርግጥ ሞተ፤ ገጹ ግን ዱቄት የተነሰነሰበት ድፎ መሰለ። ውሃ ሲነካው ነጣ፤ በጥፍሬ ስነካው ተላጠ።

ሰባት።

ሐሙስ

ቶሎ የሚደርቀውን የቤት ዕቃ ቫርኒሽ በመርጫ ሞከርኩ። መጀመሪያ አንድ ብቻ። ውጭ ዝናቡ አላባራም። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ገጹ ፈዘዘ፣ ለሰለሰ፤ የእውነተኛ ዓሣ ቆዳ መሰለ። ሁለት ሰዓት ጠበቅሁ። አልተለወጠም። አራት ጨመርኩ። እነሱም እንዲሁ።

ለከድር ደወልኩ። «ኬሚስቷ! እንኳን ደስ ያለሽ፤ ሽማግሌውን ጃኬት ይያዙ በያቸው» አለ። ለኦቦ ቶላም ነገርኳቸው። «ገለቶሚ» አሉኝ፤ አመሰግናለሁ ማለታቸው ነው።

ዓርብ

አምስቱን ለጥንቃቄ ብዬ ከሰል ምድጃ አጠገብ አሰለፍኳቸው። ሙቀቱ ሲያገኛቸው ፍዘቱ ለቀቀ። ግማሽ ገጻቸው እንደ ወተት ነጣ፤ ቀሪው ያበራል።

እርጥበት ነበር። ቫርኒሹ ሲደርቅ የዝናቡን አየር ውጦ ነው የፈዘዘው። ይህን በኬሚስትሪ ክፍለ ጊዜዬ ለተማሪዎቼ በጥቁር ሰሌዳ ላይ አስረዳለሁ፤ በገዛ ጠረጴዛዬ ላይ አላየሁትም።

በቲነር ላነሣው ሞከርኩ። ቀለሙንም ይዞት ሄደ። ቅርፊታቸው፣ ዓይናቸው፣ ሁሉም ጭቃ ሆነ። አምስቱም አበቁ።

የቀሩት ሁለት ናቸው፤ ለማነጻጸሪያ ብዬ አስቀድሜ በአንጸባራቂው ቫርኒሽ የቀባኋቸው። የምሞክረው ሌላ ዘዴ የለኝም። እጄ ቲነር ቲነር ይሸታል። ነገ ሱሉልታ ሄጄ ጉዞው እንደቀረ ለእሳቸው መናገር አለብኝ። ዓረፍተ ነገሩን ሦስት ጊዜ ጻፍኩት፤ ሦስት ጊዜ ሰረዝኩት።

ቅዳሜ

ሁለቱን በመሐረብ ጠቅልዬ በሚኒባስ ሄድኩ። «አካም ጅርቱ ኦቦ» አልኳቸው። ሰላምታዬን ሳይመልሱ መሐረቡን ፈቱ። አንዱን ወደ መስኮቱ አዘነበሉት።

«ያበራል።»

«አዎ።»

«ከትናንት ወዲያ ፈዘዘ አላልሽም?»

«ተሳስቼ ነበር።»

ሳቁ። «ኢንታላ ኮ፣ ልጄ፣ ይሄን ሁሉ ተምረሽ አመድ አታውቂም? ቫርኒሽ አስቀድሞ ይደርቃል፤ ከዚያ ብርሃኑ ታሽቶ ይጠፋል እንጂ ፍዘት ከጣሳ አይወጣም።»

ከምድጃው አመድ በጨርቅ ነፉ፤ ጠብታ ዘይት ጨመሩበት። ማሸቱ የእኔ ሆነ። «ቀስ! የሕፃን ፊት ነው፤ ድስት አትፈትጊም!» ጨርቁን እየነጠቁ ያሳዩኝና እጃቸው ሲከዳቸው መልሰው ይሰጡኛል። ሰዓት ተኩል ፈጀ። ብርሃኑ ጠፋ፤ ቅርፊቱ አልተነካም። በጋን ውሃ ውስጥ ለቀቅናቸው፤ ቀጥ ብለው ቆሙ።

ለከድር ደውዬ ሁለት ብቻ እንደደረሱ ስነግረው «ለሙከራ ሁለት ይበቃል፤ ነገ በጠዋት በራቸው ላይ ነኝ» አለ።

ልወጣ ስነሳ ኦቦ ቶላ ጃኬታቸውን እያራገፉ ጠየቁኝ፦ «ሌሎቹ አሥሩስ?»

«ሰበታ ናቸው» አልኩ።

«ደግ። እነሱንም በአመድ እሺያቸው።»

ሰበታ መሆናቸው እውነት ነው። መበላሸታቸውን አልነገርኳቸውም።