በበርሜል የማረባቸው

ጳጉሜን 1
ዛሬም አልሞቱም። የወረቀት ፋብሪካችን ቆሻሻ ውኃ ሻይ መስሎ ይገባል፤ ባክቴሪያዎቼ ይበሉታል፤ ላዩ ይጠራል፣ ዝቃጩ ከታች ይቀራል። ለጊዜው በአንድ በርሜል ብቻ። ሥራ አስኪያጁ፣ «እስከ አዲስ ዓመት ዋዜማ ጠርቶ ካላየሁት ትልቁን የማጣሪያ ገንዳ እርሺው» ብሎኛል። ያኔ ሁሉም እንደ እስካሁኑ ወንዝ ይገባል። ከታች ሰዎች ከብት ያጠጣሉ።

ጳጉሜን 2
በርሜሉ በረኪና በረኪና ይሸታል።
የጽዳት ሠራተኛችን እትዬ ጽጌ ናቸው። ነገ ሩፋኤል ነው ብለው ግቢውን ሲያጥቡ እሱንም አጠቡልኝ። «ልጄ፣ በዚህ ግማት እንዴት ዓመት ትቀበያለሽ ብዬ እኮ ነው።» ፈገግ ብለው ምስጋና ጠበቁ። አመሰገንኳቸው። ሽንት ቤት ገብቼ አለቀስኩ።
ቤት አልጋ ሥር የባክቴሪያ መጠባበቂያ አለኝ፣ አንድ ጀሪካን።
ማታ፦ ጀሪካኑ የለም። ባለቤቴ ታዴ የባቡር ጣቢያ ተረኛ ነው። ባለፈው ሳምንት፣ «ከእኔና ከነሱ ምረጪ» ብሎኝ ነበር። ቀልድ ነበር?

ጳጉሜን 3
ዝናብ። የሰፈሩ ልጆች ራቁታቸውን ጠበሉን ይጠመቃሉ። በመሀላቸው ወደ ጣቢያው ሮጥኩ።
ጀሪካኑ ጣራ ሥር፣ አፉ ተከፍቶ፣ ዱላ ተሰክቶበት።
«አከራያችን ሊደፉት ሲሉ ይዤው ወጣሁ» አለ ታዴ። «አየር ይፈልጋሉ አላልሽም? ባቡር ባለፈ ቁጥር አማስላቸዋለሁ።»
«ባቡሩ ሲዘገይስ?»
«አብረን እንጠብቃለን።»
እየሳቅን፣ እየበሰበስን፣ ጀሪካኑን ለሁለት ይዘን ፋብሪካ ገባን። በርሜሉን ደጋግመን አለቀለቅን። ግማሹን ጨመርን፤ ግማሹን ለክፉ ቀን አስቀረን።

ጳጉሜን 4
ታዴ ትናንት ለእትዬ ጽጌ ምን እንዳጠቡ ነግሯቸው ኖሯል።
«ወይኔ! ነፍስ አጠፋሁ?»
«ብዙ፣ እትዬ» አላቸው።
በነጠላቸው ጫፍ መቱት። ዛሬ በርሜሉ አጠገብ ተቀምጠው ያለፈውን ሁሉ ይቆጣሉ፦ «እንዳትነኩ! ሕይወት አለበት!»
ውኃው ግን ያው ጥቁር ሻይ ነው።

ጳጉሜን 5
በብርጭቆ ቀዳሁለት። አልጠራም። የቀጠነ ሻይ።
ሥራ አስኪያጁ ወደ መስኮቱ አንሥቶ መረመረው። እትዬ ጽጌ ከበሩ ላይ፣ «ትናንት ጥቁር ነበር፣ ጌታዬ። ጠርቶ የነበረውን ያበላሸሁት እኔ ነኝ» አሉ።
ዞሮ አያቸው። ብርጭቆውን አስቀመጠ።
«እስከ መስቀል» አለኝ።
ይበቃ ይሆን? አላውቅም። የተረፈው ጀሪካን ደጃፋችን ላይ ነው። አሁን ባቡሩ ጮኸ። ታዴ እራቱን አቋርጦ ሊያማስላቸው ተነሣ።