ምኗ ነሽ?

ሙሉጌጥ፣

ቀበሌ ጠርተውኝ ሄጃለሁ። ሳልቀሰቅስሽ የወጣሁት ፊትሽን ማየት ስላስጠላኝ ነው።

ትናንት ስብሰባው ላይ መፈክር ሲባል ግራ እጅሽን ከሁሉም ቀድመሽ አነሳሽ። ይሁን፣ ፈርተሽ ነው እንበል፤ እኔም ፈርቼ ነበር። እኔ እጄን አላነሳም ስል ግን ሊቀመንበሩ «ይህቺን ጴንጤ ታውቂያታለሽ?» ቢልሽ፣ «ቤት ተጋርተን ነው እንጂ አላውቃትም» አልሽ።
ከአንድ መጽሐፍ ቅዱስ እያነበብን!

መጽሐፍ ቅዱሱን ጤፉ ውስጥ ቀብሬዋለሁ፣ እንዳትነኪው።
ጋሽ ደበሌ ከታቦር ሰፈር ለጸሎት ሲመጡ ከደጅ መልሻቸው፤ እሳቸውንም እንዳይዙብን።
ዓሣው ድስት ውስጥ አለ። ግማሹ ያንቺ ነው።
ካሰሩኝ የእኔን ግማሽ ይዘሽልኝ ነይ። በር ላይ ዘበኛው «ምኗ ነሽ?» ይልሻል።
የትናንቱን መልስ የምትደግሚ ከሆነ፣ እዚያው ቁጭ ብለሽ ዓሣውን ራስሽ ብዪው።

ታቢታ