ባለትዳሮች የተባልነው እኔና አንተ ነን

የመጦሪያው ኃላፊ ሲስተር የሺ ናት። ረታ፣ ብቻህን ለመሞትህ ተጠያቂዋ እሷ ናት፤ ይህን አስቀድሜ ልጻፈውና ልገላገል።

ውድ ባለቤቴ፣ ከተለየኸኝ ዓመት ከሁለት ወር ሆነ። በነሐሴ ዝናብ ነበር የሄድከው። አሁን ጥቅምት ነው፤ ከመጦሪያው አጥር ባሻገር ሰው በርበሬውን አስጥቶ ሜዳው ቀልቷል። እኔ ያው የምታውቀው ቦታ ነኝ፤ የሴቶቹ ቤት፣ ከበሩ ሦስተኛው አልጋ። በአንተ አልጋ ላይ ካንተ በኋላ ሁለት ሰው ተኝቶበታል። አሁን ያሉት እዚሁ አቅራቢያ ካለችው ከቆሼ ከተማ የመጡ ሰው ናቸው። ሲያስሉ ግቢውን አልፎ ይሰማኛል፤ አንዳንድ ጠዋት በደንብ ሳልነቃ አንተ እየመሰልከኝ ቀና እላለሁ።

ምን ተለወጠ ብትለኝ፣ ግድግዳው ተቀብቷል። በወንዶቹና በሴቶቹ ቤት መካከል ያለው ሽቦ ዝጎ ስለነበር በአዲስ ተተክቷል። ልብሱ ዛሬም በስም አይታጠብም። ቆጮው ዛሬም ቃጫ አለበት። ዕድሜዬን ሙሉ እንሰት ፍቄ፣ ሰው በደንብ ያልፋቀውን እየተፋሁ እበላለሁ፤ ላግዛችሁ ብል ተጧሪ ኩሽና አይገባም ይሉኛል። እጄን ጭኔ ላይ አስቀምጬ እውላለሁ።

ልብሱን ሳስብ ግን ደሜ ይፈላል። አርባ ዓመት የወልቂጤን ሰው ወገብ ስትለካ የኖርክ ሰው፣ የማታውቀውን ሰው ሱሪ በሲባጎ ታጥቀህ ሞትክ። ሁሉም በአንድ በርሜል ይታጠባል፤ ደርቆ ሲመጣ ከክምሩ እጅ የገባውን መልበስ ነው። ሲስተር የሺን አንድ ቀን ጠይቄያት ነበር። «እማማ ብርቄ፣ በየስማችሁ እንጠብ ብንል ሳምንቱ አይበቃንም። ንጹሕ ነው አይደል?» አለችኝ። ንጹሕ ነበር፤ ሐሰት አልጽፍም። በሦስት ሠራተኛ ይህን ሁሉ ሽማግሌ ታጥባለች፣ ታበላለች፣ መድኃኒት ታድላለች፤ በሰዓቱ ያልሆነ ነገር የለም። አንተ ስፌቱን በጣትህ እየዳበስክ «ይሄን የሰፋው ሰው ቸኩሏል» ትል ነበር። ከዚያ ያለፈ ቅሬታ ካፍህ አልሰማሁም።

እዚህ እንግባ ያልከው አንተ ነህ፤ ይህንም ልንገርህ። ዓይንህ ፈዝዞ መርፌ እንኳ እኔ ነበርኩ ክር የማስገባልህ። ከዚያ መንገዱ ሊሰፋ ነው ተባለና የቀበሌ ቤታችን ፈረሰ። ፈጣሪ ልጅ አልሰጠንም። ወንድሞቼ አታት አጠገብ ባለው ያባቴ ቦታ ላይ ከነልጆቻቸው ተጨናንቀዋል። ቡታጅራ መጦሪያ አለ ሲሉን «አብረን እስከሆንን ድረስ» ብለህ ወረቀቱን ፈረምክ፤ ለራስህም ለእኔም። አብሮነታችን ግን በሩ ላይ ቀረ። ወንዶች በግራ፣ ሴቶች በቀኝ። መገናኘት እሑድ ከምሳ በኋላ፣ ዋንዛው ሥር፣ አግዳሚው ላይ። «ሥርዓት ነው። ለሁለት ሰው ተብሎ ክፍል አይለቀቅም» አለችን ሲስተር የሺ። አንተ ድምፅ ወደመጣበት ዞረህ «እሺ የኔ ልጅ» አልካት። በዚያ እሺ ተናድጄብህ ነበር። አሁንም አልበረደልኝም።

ይህን የምጽፍበትን ፊደል ያስተማርከኝ አንተ ነህ። ሃምሳ ዓመት ሊሞላኝ ነበር። ዓይንህ መድከም ሲጀምር የደንበኛውን ልክ የሚጽፍልህ ሰው አጣህና፣ ከጠረጴዛው ማዶ አስቀምጠኸኝ በደረቀ ሳሙና ጥቁር ጨርቅ ላይ ጻፍክልኝ። መጀመሪያ ወገብ፣ ከዚያ ደረት። ስሳሳት በመዳፍህ ታጠፋውና እንደገና። ሰው ሁሉ ከሀ ሲጀምር እኔ ከወ ጀመርኩ። አንተ በራስህ በኩል ስለምትጽፍ እኔ የማየው ተገልብጦ ነበር፤ ዛሬም ተገልብጦ የተጻፈ ነገር ከቀናው እኩል አነባለሁ። ይህ ያመጣብኝን ደግሞ እነግርሃለሁ።

ያቺን ቤተልሔም የምትባል ልጅ ታስታውሳታለህ፤ አንተ ከመሞትህ በፊት በነበረው ሰኔ ከአዲስ አበባ የመጣችውን የዩኒቨርሲቲ ተማሪ። ስለ መጦሪያዎች ጥናት አጠናለሁ አለችን። አገልግሎቱ ጥሩ ነው ወይ፣ ሥራው ይቀላጠፋል ወይ፣ ተጧሪው ራሱ ምን እንደሚፈልግ ይጠየቃል ወይ። መቼ እንደምትነሡ የሚወስነው ማን ነው? የምትለብሱትን ትመርጣላችሁ? እንዲህ ያለ ጥያቄ በዕድሜዬ ተጠይቄ አላውቅም። ለእያንዳንዱ መልስ አምስት ደረጃ ነበራት፤ በጣም ረክቻለሁ ከሚለው ጀምሮ ጭራሽ አልረካሁም እስከሚለው።

ከእኔ ቀጥሎ የምትተኛውን ዘይነባን፣ የመስቃኗን፣ ቀድማ ጠየቀቻት። ዘይነባ «አልሐምዱሊላህ» አለች። ሁለተኛውን ጠየቀቻት። «አልሐምዱሊላህ።» ሦስተኛውንም እንደዚያው። ልጅቷ ቸገራትና የትኛው ደረጃ ላይ ላድርገው ብላ ጠየቀቻት። «አንቺ ልጅ፣ አልሐምዱሊላህ ስንት ደረጃ አለው?» ስትላት ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ልጅቷም አብራ ሳቀችና ምልክቷን አደረገች። ከወረቀቷ ማዶ ተቀምጬ ተገልብጦ አነበብኩት፤ በጣም ረክቻለሁ የሚለው ላይ ነው ያደረገችው። ዘይነባ በዚያ ሰሞን በእግሯ ቁስል እንቅልፍ አልነበራትም።

እኛ እንዲህ ነን። እንዴት ነህ ሲሉን ፈጣሪን እናመሰግናለን፤ የሚያበላንን ሰው በእንግዳ ፊት አናማም። ልጅቷ የዋህ ነበረች እንጂ ክፉ አልነበረችም። የሰማችውን ጻፈች።

እኔን ለብቻዬ መድኃኒት ክፍል አስገባችኝና ከባለቤቴ ተለይቼ መኖሬ እንዴት እንደሆነ ጠየቀችኝ። «ደህና ነው፣ ተመስገን» አልኩ። አንተንም በማግሥቱ ጠየቀችህ።

እሑድ አግዳሚው ላይ ገና ሳልቀመጥ «ነገርሻት?» አልከኝ። ሲስተር የሺ በሩ ላይ ቆማ ነበር፣ ደግሞም አንተ ትነግራታለህ ብዬ ነበር አልኩህ፤ ወንዱ አንተ ነህ። «እኔማ አሁን የምታነቢው አንቺ ነሽ ብዬ ተማምኜ። ደግሞስ ምን ልበላት? በሰባ ዓመቴ ሚስቴን መልሱልኝ ልበል? የልጅ ልጄ የምትሆን ልጅ!» እኔስ ታዲያ ከባሌ ጋር የምተኛበትን አልጋ ልጠይቃት ኖሯል ብዬ ብመልስልህ ሁለታችንም ሳቅን፤ ሲስተር የሺ በመስኮት ብቅ ብላ እስክታየን ሳቅን። ልጅቷ ከመስቀል በኋላ ተመልሳ እንደምትመጣ ነግራን ስለነበር ያኔ እኔ እንድናገር ተስማማን። አፍሬም ቢሆን። መነሻ ደወሉ እስኪመታ እጄን ይዘህ ቆየህ።

ነሐሴ ላይ ብርዱ ሳንባህን መታህ። ሰኞ ነው የተኛኸው፤ ለእኔ የነገሩኝ ረቡዕ ነው። ልየው ብላት ሲስተር የሺ «ትንሽ ነው ያመማቸው፣ መድኃኒት ጀምረዋል፣ እሑድ ያዩዋቸው የለ?» አለችኝ። ሽቦው ጋ ሄጄ ቆምኩ፤ በዝናቡ ምክንያት መስኮቱን ዘግተውታል። ዓርብ ጠዋት ቁርስ ቀረበ። ገንፎ ነበር፣ ሁለት ጊዜ ጨመርኩ። ሳሕኑ ከተነሣ በኋላ ጠራችኝና ጎሕ ሲቀድ እንደሞትክ ነገረችኝ። ታጥበህ ተገንዘህ ነበር። «የሁሉም ሰው ቁርስ እንዳይረበሽ ብዬ ነው» አለች። ረታ፣ አንተ ከግቢው ማዶ ሬሳ ሆነህ ስትጠብቀኝ እኔ ገንፎ ጨምሩልኝ እያልኩ ነበር። ይህን እሷ ነች ያደረገችብኝ፤ እስክሞት አልተውላትም።

ዕቃህን በፌስታል ሰጡኝ። መነጽርህ፣ ማበጠሪያህ፣ አንድ ሳሙና። ቤተልሔም ለትብብራችሁ ብላ ለሁላችንም ያደለችው ሳሙና ነው። እኔ የኔን በሳምንቱ ጨረስኩት። አንተ አልታጠብክበትም፤ አድርቀህ፣ እንደ ድሮህ ጠርዙን አሹለህ፣ ለልክ አዘጋጅተኸዋል። የማንን ልክ ልትወስድ እንደነበር ልጠይቅህ ፈልጌ ነበር።

ከቀብርህ ወዲህ ከበሩ ወጥቼ አላውቅም። ሥርዓቱ፣ ተጧሪ ሲወጣ ያስገባው ሰው ይፈርምለታል ይላል። እኔን ያስገባኸኝ አንተ ነህ። ፈራሚዬ አፈር ውስጥ ነው ብላት «ታዲያ ሌላ ዘመድ ያምጡ፣ ከዚያ በሩ ክፍት ነው» አለችኝ። ለወንድሞቼ አስደወልኩ። ለመስቀል ስንገናኝ እንመጣለን አሉ፤ ሁለት መስቀል አለፈ። አርባህንም ሙት ዓመትህንም ከአጥሩ ውስጥ ሆኜ ነው ያሳለፍኩት። የተቀበርክበት ቤተ ክርስቲያን ጣራው ልብስ ከሚሰጣበት ቦታ ይታያል። ልብስ በተሰጣ ቀን ግን አንሶላው ይጋርደኛል።

ቤተልሔም ባለችው ጊዜ፣ ከመስቀል በኋላ፣ መጣች። እንደተስማማነው ነገርኳት፤ ምንም አላስቀረሁም። አለቀሰች። እጄን ይዛ፣ መጠይቁ ተሰብስቦ እንዳለቀ፣ የተሞላውን መለወጥ እንደማትችል አስረዳችኝ። አላሳዘነችኝም አልልም። እኔ ግን ያኔ ዕንባዋን አልነበረም የምፈልገው፤ እስክርቢቶዋን ነበር።

ባለፈው ወር ጥናቱ ታትሞ መጣና ሲስተር የሺ ሰሌዳው ላይ ለጠፈችው። ቆሜ አነበብኩት። ብዙው ነገር ልክ ነው። ልብስ በየስሙ ይታጠብ ይላል። ተጧሪው መነሻ ሰዓቱን ይምረጥ፣ አቅም ያላት ኩሽና ገብታ ትሥራ ይላል። እግዜር ይስጣት። ሁለተኛው ገጽ ላይ ግን አንድ መስመር አለ፤ ባለትዳሮች ተለያይተው መኖራቸውን እንደ ችግር አላነሡም ይላል። ባለትዳሮች። ያኔ እዚህ ግቢ ውስጥ ስንት ባልና ሚስት ነበር? እኔና አንተ ነን። ሌላ ማን ነበር?

ያልኩህ የቆሼው ሰውዬ ሚስታቸውም እዚህ ናቸው፤ በእኛ በሴቶቹ ቤት መስኮቱ ሥር ይተኛሉ። ባልየው ካንተ ይልቅ ደፋር ናቸው። በገቡ በሳምንቱ ሄደው አንድ ላይ አድርጉን አሉ። ሲስተር የሺ ሰሌዳው ጋ ወስዳ ያንን መስመር በጣቷ አሳየቻቸው። «የኛዎቹ ባለትዳሮች ተጠይቀው አልተቸገርንም ብለዋል። ጥናት ነው እንግዲህ፣ እኔ አልጻፍኩት።» ሰውዬው ማንበብ አይችሉም፤ ወረቀቱን ትንሽ አይተው ተመለሱ። ሚስታቸው ከዚያ ቀን ጀምሮ ሽቦው ጋ ይቆማሉ። እኔ የቆምኩበት ቦታ ነው፤ ሣሩ እንኳ አልበቀለበትም።

አሁን እውነቱን ልጻፍልህ። ቤተልሔም ስትጠይቀኝ ሲስተር የሺ በሩ ላይ ቆማ ነበር ብዬ ለዘይነባ ነግሬአታለሁ። ለአንተም አግዳሚው ላይ እንደዚያ ብዬሃለሁ። አልነበረችም። በሩ ዝግ ነበር፣ እሷ ገበያ ወጥታ ነበር። የሚሰማኝ ልጅቷ ብቻ ነበረች፤ እስክርቢቶዋን ይዛ ትጠብቀኝ ነበር። ነውር ሆኖብኝ ነው። ባሏን የምትፈልግ አሮጊት እንዳልባል ነው። ብቻህን የሞትከው በሲስተር የሺ ነው፤ አሁንም አልሽረውም። ያንን መስመር ያጻፍነው ግን እኛ ነን፤ አሁን ሌላ ባልና ሚስት ይለያይበታል።

የፊታችን እሑድ ድርጅቱን የሚረዱት ሰዎች ከአዲስ አበባ ይመጣሉ። ተጧሪው ሁሉ ዋንዛው ሥር ይሰበሰባል፤ ፊደል የማያውቀው እንዲሰማ ጥናቱን ቆሜ እንዳነብ ሲስተር የሺ አዝዛኛለች። «አንባቢያችን እርስዎ ነዎት» አለችኝ፣ ፈገግ ብላ። የቆሼዎቹም ይቀመጣሉ፤ ባልየው በግራ፣ ሚስትየዋ በቀኝ። ካላነበብኩ ምን እንደምታደርገኝ አላውቅም። ከዚህ የባሰ የት ትወስደኛለች?

አንተን እሑድ ብቻ የማስብህ እንዳይመስልህ። በየቀኑ አለህ፤ ልብስ ከክምሩ ሳነሣ ስፌቱን ስዳብስ፣ ሰውዬው ሲያስሉ፣ አፌ ሳያስበው ተመስገን ሲል። እስካለሁ ድረስ እንዲሁ ትኖራለህ። የዘይነባን መድኃኒት አነብላታለሁ፣ ለቆሼው ሰውዬ ሚስትም የልጃቸው ደብዳቤ ሲመጣ አነብላቸዋለሁ። እሑድ ዕለትም ብድግ ብዬ እቆማለሁ፤ በመጠይቁ ላይ ያልነገርኩትን፣ በስማችን ያልተጻፈውን እናገራለሁ። የጻፉልንን ግን ከእንግዲህ አላነብላቸውም።

ሚስትህ ብርቄ