አረንጓዴ የተባለ ልብ

ይድረስ ለምወድሽና ለማከብርሽ እህቴ፣

እትዬ፣ እንደምን ከርመሻል? ጤናሽስ? ጉልበትሽ ደረጃ መውጣቱን ፈቀደልሽ ወይስ አሁንም ግድግዳ ተደግፈሽ ነው? ጠዋት ጠዋት አልታጠፍ የሚሉሽ ጣቶችሽስ እንዴት ናቸው? አባባ ከዓይን ቀዶ ጥገናው ወዲህ ሰው መለየት ጀመሩ? ልጆቹስ? እኔ እንዳለሁ አለሁ። እበላለሁ፣ እተኛለሁ፣ ሱቅ እከፍታለሁ። ደህና ነኝ ብልሽ ውሸት ይሆናል፤ አመመኝ እንዳልልሽም ይህ ነው የምለው ቦታ አጣሁ።

ያን ቀን በስልክ «እንዴት ሆነ?» ስትዪኝ በቅጡ አልነገርኩሽም። አንቺም ስታለቅሺ መስመሩ ተቋረጠ። ስለዚህ ይኸው ከመጀመሪያው ልጻፍልሽ።

ባለፈው ዓመት ከልብስ ስፌት ሱቃችን ጀርባ ያለው ጤና ጣቢያ ዕድሜያቸው ከአርባ ያለፈውን ሁሉ ለልብ ምርመራ ጠርቶ ነበር። ከባለቤቴ ጋር አብረን ሄድን። ነርሷ ደግ ሴት ናት። ዕድሜያችንን ጠየቀች፣ ሲጋራ ታጨሳላችሁ ወይ አለች፣ የደም ግፊታችንን ለካች፣ ለስኳርና ለቅባት ደም ወሰደችልን። ሁሉንም ኮምፒውተሩ ላይ ስታስገባው በሚቀጥሉት አስር ዓመታት ልባችን የመታመም ዕድሉ ምን ያህል እንደሆነ አስልቶ በቀለም አወጣው። እኔ ቀይ ሆንኩ፣ ባለቤቴ አረንጓዴ።

መቼም ታውቂያታለሽ፣ ቀልድ አያመልጣትም። ከዚያ ቀን ወዲያ እኔን፣ እንደ ከሰል የጠቆርኩትን ሰውዬ፣ «ቀዩ» እያለች ትጠራኝ ጀመር። ደንበኛ ሁሉ ግራ እየተጋባ ይስቃል። ሲጋራዬን ከኪሴ እያወጣች ትጥላለች፣ ከድስታችን ጨው ጠፋ፣ ከሥራ ስንወጣ እጄን ይዛ በእግር ታስኬደኛለች። የሷ ቁርጭምጭሚት አብጦ እያነከሰች እንኳ «የምታሰጋው አንተ ነህ፣ እኔማ አረንጓዴ ነኝ» ትለኛለች። እኔም አመንኳት። ማን አያምንም?

ያ ያንቺው ዓይነት የመገጣጠሚያ ሕመም ከልጅነቷ ጀምሮ አብሯት የኖረ ነው። ሁለታችሁ ስልክ ስትይዙ ከዘመድ ስም ይልቅ የመድኃኒት ስም ነበር የምትጠሩት። የአዝራር ቀዳዳ መስፋቱን ትታ ደንበኛ መቀበል የጀመረችውም በሱ ምክንያት ነው። ነርሷ ግን ስለዚህ ሕመም አልጠየቀቻትም፤ ኮምፒውተሩም ይህን የሚጠይቅበት ቦታ የለውም።

በኋላ ድካም በዛባት። ትከሻና ትከሻዬ መካከል ይጨመድደኛል ትላለች፣ እህል ያስጠላታል። ሐኪም ቤት እንሂድ ስላት «የለመድኩት ቁርጥማት ነው፣ ሌላ ስም አታውጣለት» ብላ ሳቀችብኝ።

አንድ ጠዋት አንድ የአውቶቡስ ሾፌር ኮቱን ሊለካ መጣ። ገና አንድ እጅጌ ብቻ ነበር የተያያዘለት። እሷ ስፒል እያቀበለችኝ ሳለ «አየር አጠረኝ» አለች። ወንበር ፈለገች፣ ወንበሩ ጋ ሳትደርስ ወደቀች። ሾፌሩ ኮቱን ሳያወልቅ አፈፍ አድርጎ ተሸከማት፣ ታክሲ አስቁመን ሆስፒታል አደረስናት። ትንሽ ቆይተው ጠሩኝና ልቧን ልንመልሰው አልቻልንም አሉኝ። ሾፌሩ ባለ አንድ እጅጌውን ኮት እንደለበሰ ኮሪደሩ ላይ ቆሞ ያለቅሳል። እኔ የማየው ትከሻውን ነበር፤ ስፌቱ ጠሟል፣ መፈታት አለበት እያልኩ። ከቀብሯ በኋላ ሱቅ ስገባ መጀመሪያ የጨረስኩት የሱን ኮት ነው።

ቆይቶ የልብ ሐኪሙ አስጠራኝ። በዕድሜ የገፋ፣ ረጋ ብሎ የሚናገር ሰው ነው። ያ ኮምፒውተር ዋሽቶን ነው ወይ አልኩት። አልዋሸም አለኝ። ስሌቱን የሠሩት ብዙ ሺህ ሰዎችን ለዓመታት ተከታትለው ስለሆነ፣ እነዚያን ለሚመስል ሰው ደህና ይገምታል፤ ለማይመስላቸው ግን ይስታል። መገጣጠሚያን የሚያቃጥለው ሕመም እዚያው አይቀርም፣ የደም ሥሩንም ውስጥ ውስጡን ይጎዳዋል፤ እንደሷ ላሉት ቁጥሩን ከፍ አድርገን ማንበብ ነበረብን አለ። የሴት ልብም ሲታመም ሁልጊዜ በደረት በኩል አይናገርም አለኝ። ከዚያ መነጽሩን አውልቆ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና «አልጠየቅናትም» አለ። ልቆጣው ፈልጌ ነበር፣ ቁጣው አልመጣልኝም። አመስግኜው ወጣሁ። ውጭ ዝናብ ነበር፤ ጃንጥላዬን በእጄ እንደያዝኩ በስብሼ ቤቴ ገባሁ።

በቀደም ደግሞ የራሴ ቀጠሮ ነበር። ያቺው ነርስ ለካችኝ። ግፊቴ ወርዷል፣ ቅባቱም ቀንሷል። ከቀይ ወደ ቢጫ ወረድክ ብላ ፊቷ በራ፣ «ሚስትህ እኮ ደህና አድርጋ…» ብላ ጀመረችና መሃል ላይ ዋጠችው። እኔ የሸሚዜን አዝራር ቆለፍኩ። ባዶ ጆንያ አይቆምም ይላሉ፤ እኔ ይኸው ቆሜ እሄዳለሁ።

እትዬ፣ ይህን የጻፍኩት ሐዘንሽን ልቀሰቅስ ብዬ አይደለም። አንቺም እንዲሁ የልብ ምርመራ አድርገሽ «ምንም አያሰጋሽም» እንደተባልሽ እሷ ነግራኛለች። ተመልሰሽ ሂጂ። ሳይጠይቁሽ ንገሪያቸው፤ መገጣጠሚያዬ ይህን ያህል ዘመን ታሟል፣ የምውጠው መድኃኒት ይህ ነው፣ ይህንንም ጨምራችሁ እዩልኝ በያቸው። ፊታቸውን ቢያጠቁሩም ቁጭ በይ። ሥራ በዛብኝ፣ ልጆቹን ለማን ትቼ እንዳትዪኝ። እኔ ከእንግዲህ የምደነግጥበት ልብ የለኝምና አታስደንግጪኝ።

ጋሼን፣ ባልሽን፣ ሰላም በይልኝ፤ ሐኪም ዘንድ ራሱ ይዞሽ ይሂድ፣ አደራ ብያለሁ። ለትልቋ ልጅሽ በፈተናዋ እንዳትደናገጥ ንገሪልኝ። ያን ጉንጫሙን ትንሹን ልጅሽን ሁለቱንም ጉንጩን ሳሚልኝ። ጎረቤትሽ አዋላጇ እኔን ለማጽናናት ስለደወሉልኝ እግዜር ይስጥልኝ በያቸው። የአባባን ጉልበት ሳሚልኝ። በስልክ «ልጄ፣ እንባህን አትያዘው» ብለውኝ ነበር። አልያዝኩትም፣ ገና አልመጣም በያቸው።

ወንድምሽ

ከሱቁ በላይ ካለችው ክፍል
የካቲት 14 ቀን